የመስተዋቱ ልጆች

ከመሳለሚያ ወደ መርካቶ መሃል በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ በአንድ ጣቃ መሸጫና በአንድ ሰዓት ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠች ፎቶ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ጁነዲን ይባላል። ከስልጤ ገጠር በልጅነቱ መጥቶ፣ መጀመሪያ ዕቃ ሲሸከም፣ ቀጥሎ ለአንድ አርመን ፎቶ አንሺ ሲላላክ ኖሮ፣ በመጨረሻ የራሱን ካሜራ የገዛ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሰው ሲያነሳ ብዙ አያወራም። አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና ያደርግና «እንደሱ ነው፣ እንዳይንቀሳቀሱ» ይላል፣ አለቀ።

ከማንሳቱ ይልቅ የሚወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ኔጋቲቩን ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ የሰው ፊት ሲያቃና ቢውል አይሰለቸውም። የፈንጣጣ ጠባሳ ይሞላል፣ ከዓይን ሥር ያለ ድካም ያነሳል፣ የተሸበሸበ ግንባር ያለሰልሳል። እንዲህ በእርሳስ የዳሰሰውን ፊት ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ ቢያገኘው እንኳ ያውቀዋል።

ሸዋርካብሽ ወደ ፎቶ ቤቱ የመጣችው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት ማብቂያ ላይ ነበር። ሸክላ ተራ ድስትና ጀበና የምትሸጥ፣ ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ጠንካራ ሴት ናት። አንድ ልጇ ኃይለየሱስ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ ለደንበኛ ድስት ሊያደርስ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እንደወረደ አፈሳ ላይ ወደቀ። መንገዱን በሁለት በኩል ዘግተው፣ ጎረምሳ የሆነውን ሁሉ በካሚዮን ጭነው ሄዱ። ድስቶቹ መንገዱ ዳር ተደርድረው እንደቆሙ አንድ ተሸካሚ ሰብስቦ መለሰላት። ማሠልጠኛ ሳለ በሰው ሰላምታ ልኮላት ነበር። ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከተሻገረ ወዲህ ግን ወሬው ጠፋ።

«ጁነዲን» አለችው፣ ከደጃፉ ቆማ። «ኃይሌን ያነሳኸው ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

«እንዴት አይለኝም፣ እትዬ። የትምህርት ቤት መጨረሻ ጊዜ ነበር። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ አጥፋልኝ ብሎኝ አጥፍቼለታለሁ።»

«ኔጋቲቩ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ትልቅ አድርገህ እጠብልኝና እመስተዋትህ ላይ ስቀልልኝ።»

ጁነዲን ወደ መስተዋቱ ዞሮ አየ። በመንገዱ በኩል ያለው የመስተዋት ማሳያ ሙሽሮች፣ በካፖርት ያጌጡ ነጋዴዎች፣ ልደታቸውን የሚያከብሩ ሕፃናት የሚሰቀሉበት ነው። እሷ ግን አስባበት ነበር የመጣችው።

«ከሰሜን የሚመለስ ወታደር መርካቶን ሳይረግጥ አገሩ አይገባም» አለች። «ለእናቱ ነጠላ ይገዛል፣ ለእህቱ ጫማ ይገዛል። በዚህ በኩል ያልፋል። ካየው ያውቀዋል፣ ካወቀው ይናገራል። እኔ ሌላ ማንን ልጠይቅ? ቀበሌ ብሄድ ‹ልጅሽ ግዳጅ ላይ ነው› ነው የሚሉኝ።»

ጁነዲን እምቢ ለማለት አፉ አልተላቀቀለትም። እሱም በዚያው ዕድሜ ያለ ልጅ ነበረው፤ ሙደሲር። አፈሳው ሲበረታ ሌሊት አስነስቶ እስልጤ፣ ወንድሙ ዘንድ ልኮት፣ ልጁ አሁን እዚያ በቆሎ እየኮተኮተ ነው። ይህን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሸዋርካብሽም ታውቃለች። አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም፤ ያልተናገረችው ነገር ግን ከተናገረችው ይልቅ ይከብደው ነበር።

በማግሥቱ አንዷን ሙሽራ አውርዶ ኃይለየሱስን ሰቀለው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፀጉሩን ያበጠረ፣ ሊስቅ ፈልጎ ያፈረ ልጅ ነው።

እናት ከእናት ወሬ አትደብቅም። ሳምንት ሳይሞላ ፋንታዬ የምትባል ጎመን ሻጭ የልጇን ጉርድ ፎቶግራፍ በመሐረብ ቋጥራ ይዛ መጣች። ቀጥሎ ሱሀይር የምትባል የቅመም ነጋዴ የወንድሟን ይዛ መጣች። ከአብነትም መጡ፣ ከዶሮ ተራም መጡ። አንዳንዶቹ ያላቸው ፎቶግራፍ ከትምህርት ቤት መታወቂያ የተገነጠለ፣ ማኅተሙ ግማሽ ጉንጭ የሸፈነ ነበር። ጁነዲን ያንን ዳግመኛ አንስቶ፣ ማኅተሙን በእርሳስና በብሩሽ ከፊቱ ላይ አጥቦ፣ አሳድጎ ይሰቅላል። ሙሽሮቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ ነጋዴዎቹ ወረዱ፣ በመጨረሻ ሕፃናቱም ወረዱ። መስተዋቱ ከዳር እስከ ዳር ጎረምሳ ሆነ።

ሚስቱ ሐጀራ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ከውጭ ቆማ አየችና ገባች።

«አንተ የሙደሲር አባት፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሰው ለመነኝ።»

«የሚዳር ሰው እንዲህ ያለ ደጅ ገብቶ ፎቶ ይነሳል?»

«አይነሳም።»

«እሺ የሚያይህ ሰውስ? እነዚህ ሁሉ ልጆች የት ሄዱ ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?»

«ምንም አልልም። እኔ የሰቀልኩት ፎቶ ነው።»

ሐጀራ ሳህኑን አስቀመጠችለት። ነገሩ አስፈርቷታል፤ ሆኖም ራሷ ካየቻቸው በኋላ አውርድ ለማለት አልደፈረችም።

ወታደሮች በእርግጥ ያልፉ ነበር። ጥቂቶቹ ቆመው ያያሉ። አንዳንዱ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያይ መንገዱን አቋርጦ በወዲያ ማዶ ያልፋል። ሸዋርካብሽ ጠዋት ወደ ሸክላ ተራ ስትወርድ፣ ማታ ስትመለስ፣ «ማንም የለም?» ትለዋለች። «ማንም የለም፣ እትዬ» ይላታል። እንዲህ እየተባባሉ ክረምቱም፣ በጋውም አለፈ።

በሰማንያ ዓመተ ምህረት ግንቦት ላይ፣ ሁለት ክራንች የተደገፈ ወጣት ከመስተዋቱ ፊት መጥቶ ቆመ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ ሱሪው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ጁነዲን ከውስጥ ሆኖ ያየዋል። ሌሎቹ የሚቆሙትን ያህል ቆሞ አልሄደም። ፊቶቹን ከላይ ጀምሮ በየተራ ያያል፤ አንዱ ጋ ሲደርስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ገባ።

«ጋሼ፣ ፊልም ያጥባሉ?»

«አጥባለሁ። ተቀመጥ።»

ስሙ ቶላ ነው፤ የአምቦ ልጅ። ሆስፒታል ከርሞ አሁን መሳለሚያ አካባቢ እህቱ ቤት አርፏል። ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ፊልም አወጣ።

«ካሜራው የመቶ አለቃችን ነበር» አለ። «እሱ ሲወድቅ እኔ አነሳሁት። ካሜራውን ሆስፒታል ወሰዱብኝ። ይህን ግን ፋሻዬ ውስጥ ደብቄ አመጣሁት። ለሌላ ሰው እንዳያሳዩብኝ።»

ጁነዲን ፊልሙን ተቀብሎ ጨለማ ክፍል ገባ። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ብርሃን ላይ ሲዘረጋው መጀመሪያ ያየው ደስ የሚል ነገር ነው። ወታደሮች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ቆርቆሮ ይበላሉ። አንዱ የባልደረባውን ፀጉር በምላጭ ይላጫል። አንዱ ቡችላ ታቅፏል። ቡችላ የታቀፈው ኃይለየሱስ ነበር። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ግን እሱ ነው፤ ሊስቅ ፈልጎ አፍሯል።

ጁነዲን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ፊልሙን ወደፊት ሳበው።

ቀጥሎ ያሉት ምስሎች ሌላ ነበሩ። አፈሩ የተገለበጠ ምሽግ፤ የተገነጠለ ግንድ፤ ከዚያ የተኙ ሰዎች። ጎን ለጎን የተጋደሙ ናቸው። ያነሳቸው ሰው በመደዳው እየሄደ፣ እያንዳንዳቸው ላይ ጎንበስ እያለ፣ ፊታቸው እንዲታይ አድርጎ አንስቷቸዋል። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ስለሆነ ሌላ ሰው ቢያየው ማንን እንደሚያይ አያውቅም። ጁነዲን ግን ዕድሜውን ሙሉ ሰውን እንዲህ ተገልብጦ ሲያይ የኖረ ነው። ከተጋደሙት አንዱ ቅንድብ ላይ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጦ በእርሳስ ያጠፋት ጠባሳ አለች።

አትሞ አረጋገጠ። ምስሉ ውኃው ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ዓይኖቹ፣ ከዚያ የተከፈተ አፉ መጣ። ከራሱ እስከ እግሩ ይታያል፤ ባዶ እግሩን ነው። ጁነዲን ወረቀቱን ከውኃው አውጥቶ ሰቀለው።

ቶላ በማግሥቱ ሲመጣ ጁነዲን በሩን ዘጋና ፎቶግራፎቹን ዘረጋለት።

«ይሄን ልጅ ታውቀዋለህ?»

«ኃይሌ ነው። አንድ ጓድ ውስጥ ነበርን። ትናንት እመስተዋትዎ ላይ ሳየው ልመለስ ነበር፤ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የገባሁት።»

«ለምን አነሳሃቸው?»

«ልንቀብራቸው ጊዜ አልነበረንም። አፈግፍጉ ተባለ። ማን ማን እንደቀረ የሚያውቅ ሰው ይኑር ብዬ ነው። እኔ የሁሉንም ስም አላውቅም፤ ከተለያየ ቦታ የተደባለቅን ነበርን።»

«ጫማቸውስ?»

ቶላ ያለችውን እግሩን አየ። «እኛው ነን ያወለቅነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ የኛ አልቆ ነበር። የኃይሌን ያደረግሁት እኔ ነኝ።» ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። «ፈንጂ የረገጥኩት በሦስተኛው ቀን ነው። በሱ ጫማ።»

ከውጭ መንገድ የሚያስለቅቁ ተሸካሚዎች «ወገብ፣ ወገብ» ሲሉ ይሰማል።

«እናቱ በየቀኑ በዚህ ታልፋለች» አለ ጁነዲን። «ትነግራታለህ?»

«እርስዎ ይንገሯት፣ ጋሼ። ባይሆን እኔ ከሄድኩ በኋላ።»

«እኔ ምን ብዬ እነግራታለሁ? መንግሥት ያላለውን ሞት ቀበሌው አሉባልታ ነው የሚለው። ከየት አመጣኸው ይሉኛል፤ ያን ጊዜ አንተም አለህበት።»

ይህን እየተነጋገሩ ሳሉ በሩ ተንኳኳ። ሸዋርካብሽ ናት። የተዘጋ በር አይታ፣ ደግሞ ክራንች የያዘ ሰው ሲገባ ሰዓት ጠጋኙ አይቶ ነግሯት ኖሮ፣ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ መጥታለች። ጁነዲን ከፎቶግራፎቹ ከላይ ያለውን ትቶ ሌሎቹን ወደ መሳቢያ ከተታቸውና በሩን ከፈተላት።

«ከሰሜን ነው የመጣኸው ልጄ?» አለችው ቶላን።

«አዎ እናቴ።»

«የኔን ልጅ ታውቀዋለህ? ያ መስተዋቱ ላይ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው።»

ቶላ ወደ ጁነዲን አየ። ጁነዲን ወደ ወለሉ አየ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ቡችላ የታቀፈው ፎቶግራፍ ነበር፤ እሷም አየችው። ሳትጠይቅ አነሳችው፤ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው፤ አውራ ጣቷን ከፊቱ ላይ ዳበስ አደረገች።

«ከስቷል» አለች። «ውሻ እንደሚወድ አውቃለሁ። ቤት ሲያመጣብኝ እያባረርኩበት…» ወደ ቶላ ዞረች። «መቼ ነው የተነሳው?»

«በቅርብ ነው።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው እናቴ» አለ ቶላ። ድምፁ ከራሱ የወጣ አይመስልም ነበር። ጁነዲን ውሸቱን ሰምቶ መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋው። ሸዋርካብሽ ተንበርክካ የወጣቱን ጉልበት ሳመች፤ ያችን ቆራጣዋን። ቶላ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ። በገዛ ቁስሉ የሚያለቅስ መስሏት እሷም አብራ አለቀሰች።

የዚያን ቀን ከሰዓት ፎቶ ቤቱ ደጃፍ በሴቶች ተሞላ። ሸዋርካብሽ ከሸክላ ተራ እስከ ዶሮ ተራ አዳርሳ ነበር። ሁሉም «የኔንስ?» ይላሉ፤ ሁሉም ወደ መስተዋቱ እየጠቆሙ «ይሄኛውንስ?» ይላሉ። ቶላ ግን ሄዷል። ፊልሙን ጁነዲን ዘንድ ትቶ፣ በዚያው ዕለት በአምቦ አውቶቡስ ወደ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ጁነዲን ነገሩን ለብቻው መሸከም አቃተው። በማግሥቱ የሠፈሩ እድር ዳኛ ዘንድ ሄዶ ጨዋታ አስመስሎ ጠየቃቸው። አንድ ሰው ሰሜን ሞቶ ቤተሰቡ ባይሰማ፣ መርዶ ማን ያረዳል? ሽማግሌው ገና ሳይጨርስ ገባቸው።

«ልጄ፣ መርዶ ያለ ማስረጃ አይረዳም» አሉት። «ድንኳን ብንተክል ማን ሞተ ይሉናል። እነሱ ሞተ ካላሉ ሰው አይሞትም፣ በዚህ ዘመን። የሰማኸውን ሆድህ ይፍጀው።»

ቤቱ ገብቶ ለሐጀራ ነገራት። ሐጀራ ሰምታ ስትጨርስ እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

«ንገራት» አለችው።

«ትናንት ይሄ ምንድነው ስትዪኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«ትናንት ፎቶ ነበሩ። ዛሬ ስታልፍ አየኋት፤ ፊቷ የልጅ ፊት ሆኗል። እንዲህ ሆና አትተዋት። ብዙ በተደሰተች ቁጥር ነው የሚብስባት።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አለ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ አለ። ሸዋርካብሽ ጠዋት ስታልፍ ከጨለማ ክፍሉ አይወጣም፤ ማታ ስታልፍ ደንበኛ ያለ ያስመስላል።

ከሳምንት በኋላ አንድ ማለዳ ሰዓት ጠጋኙ ሱቁን እየከፈተ፣ «ሸዋርካብሽ እኮ ሸክላዋን ሸጣ ጨረሰች» አለው። «ልጇን ለማየት ልትሄድ ነው። ዛሬ በደሴ አውቶቡስ።»

ጁነዲን ሱቁን እንኳ አልቆለፈም። ኃይለየሱስ የተጋደመበትን ፎቶግራፍ ከመሳቢያ አውጥቶ በኮቱ ውስጥ ከተተና ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠ። ሰው፣ በግ፣ ፍራሽ፣ የሽንኩርት ኬሻ መንገዱን ዘግቶታል። የደሴው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ እየታሰረ ነበር። ሸዋርካብሽ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። አዲስ ሻርፕ አድርጋለች፤ ጭኗ ላይ የበሶና የዳቦ ቋጠሮ አለ።

«ይውረዱ፣ እትዬ» አላት ከታች ሆኖ።

«ምን ሆንክ ጁነዲን? ትንፋሽ አጥሮሃል።»

«ይውረዱ። መሄድ የለብዎትም። መንገዱም ከወልዲያ በላይ ዝግ ነው።»

«ኮንቮይ አለ ብለውኛል። ካስፈለገ በእግሬ እሄዳለሁ። የት እንዳለ ካወቅሁ ምን ይይዘኛል?»

ሰው ሁሉ ይሰማል። ጁነዲን መስኮቱን ይዞ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ኃይሌ የለም።»

ቃሉን የሰማችው አትመስልም ነበር። ጁነዲን ኮቱ ውስጥ እጁን ከትቶ ፎቶግራፉን አወጣ። እንዲህ ያለ ነገር፣ አውቶቡስ ተራ መሃል፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዘመድ፣ በመስኮት እንደ ሎሚ ማቀበል ነውር እንደሆነ ያውቃል። ግን ሌላ ምንም አልነበረውም። አቀበላት።

ሸዋርካብሽ አየችው። ብዙ አላየችውም። ገልብጣ መለሰችለት።

«ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለች።

«ቅንድቡን ይዩት።»

«ጠባሳ ያለው ሁሉ የኔ ልጅ ነው? የኔ ልጅ አፉን ከፍቶ አይተኛም።» ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማት አድርጋ ተናገረች። «አንተ ልጅህን አሽሽተሃል፣ ጁነዲን። አልተቀየምኩህም፣ እኔም ባውቅበት አሸሸው ነበር። አሁን ግን የኔን ልጅ አትግደልብኝ።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ጁነዲን መስኮቱን እንደያዘ ጥቂት አብሮ ሄደ፤ ረዳቱ ሲጮህበት ለቀቀ።

እሷ በሄደች በአሥረኛው ቀን ገደማ ቀበሌዎች መጡ። ሊቀመንበሩ ጓድ ጓንጉል ከሁለት አብዮት ጥበቃ ጋር ነው የመጣው። መስተዋቱ ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጥቂት ቆመና ገባ።

«ጓድ ጁነዲን፣ ይሄ ነገር ይወርዳል።»

«ፎቶግራፍ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሕዝብ የሚያስለቅስ ነገር ነው። ሴቶች እዚህ ደጅ ተሰብስበው ‹ልጆቻችን የት ናቸው› እያሉ ነው ተብሏል። ከበላይ ተጠይቄበታለሁ።» ድምፁን ቀነሰ። «ከታች በስተግራ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ስታመጣልህ እኔን አልጠየቀችም። እሱንም አውርደው።»

«ወሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ ስለሱ?»

ጓድ ጓንጉል መልስ ሊሰጥ ፈለገና ጥበቃዎቹን አያቸው። «አውርድ ብዬሃለሁ» አለ።

ጁነዲን አወረዳቸው። አንድ አንድ እያለ፣ ሚስማሩን በጉጠት እየነቀለ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። እናቶቹ በየተራ እየመጡ ወሰዱ። አንዳንዷ ፎቶግራፉን ስትቀበል ያወረደው የሞት ወሬ ሰምቶ መስሏት ደርቃ ትቀራለች፤ «ቀበሌ ነው፣ ቀበሌ ነው ያስወረደን» ሲላት ትንፋሿ ይመለሳል። የኃይለየሱስ ብቻ ባለቤት አጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ሸዋርካብሽ የተመለሰችው ሰኔ ማብቂያ ላይ ዝናብ ሲጥል ነው። ጫማዋ ጭቃ ይዟል፤ ሻርፑ የለም። ወልዲያ ላይ መልሰዋት፣ በጎን ልታልፍ ሞክራ ዳግመኛ መልሰዋት፣ ወታደር ባየች ቁጥር ይዛው የሄደችውን፣ ልጇ ቡችላ የታቀፈበትን ፎቶግራፍ እያሳየች ከርማ፣ በጭነት መኪና ነው የመጣችው። ገብታ ደንበኛ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«አሳየኝ» አለች።

ጁነዲን የምትለውን አላጣውም። ከመሳቢያው አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። አሁን ጊዜ ወስዳ አየችው። ከፀጉሩ ጀመረች፤ ወደ ታች ወረደች። እግሮቹ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ጫማውን ማን አወለቀበት?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ውሸቱም ዝግጁ ነበር። ሆኖም ደከመው።

«ባልደረባው ነው። ያ ልጅ። የሱ አልቆበት፣ መንገዱ ሩቅ ሆኖበት።»

«በልኩ ሆነለት?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ፎቶግራፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ፣ በቆርቆሮ ሥር ወደተጠለለው ሰው አየች።

«ቤቴ ገብቼ ባለቅስ ጎረቤት ይሰበሰባል» አለች። «ጎረቤት ከተሰበሰበ ቀበሌ ይመጣል። ማን ነገረሽ ይሉኛል። ይቺ ጨለማ ክፍልህ ድምፅ ታስወጣለች?»

«ጥቂት ታስወጣለች።»

«ይሁን።»

ጁነዲን በሩን ከፈተላት። ውስጥ ያለችውን አንድ በርጩማ በእጁ ፈልጎ አስቀመጠላትና ወጣ። መጋረጃውን አወረደ፤ በሩን ገጠመው። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ የመጣው ግን ልቅሶ ለማለት የሚያስቸግር፣ አፍ በነጠላ ታፍኖ ከሆድ የሚወጣ ነገር ነበር። በዚህ መሃል ሁለት ወጣት ሴቶች ዝናቡን ሽሽት እየሳቁ ገቡና አብረን እንነሳ አሉት። ጁነዲን ወጣ ብሎ ሰዓት ጠጋኙን «ያንን ሬዲዮ ከፍ አድርግልኝ» አለው። ሬዲዮው ላይ ሠራዊቱን የሚያወድስ የማርሽ ዘፈን ነበር። ሰዓት ጠጋኙ ምንም ሳይጠይቅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው።

ሴቶቹን አስቀመጠ፤ ትከሻቸውን አገጣጠመ። «እንደሱ ነው፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አላቸው። ሁለት ጊዜ አበላሸባቸው።

ሸዋርካብሽ ስትወጣ ሴቶቹ ሄደዋል። ፊቷን ታጥባለች። ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰውን ግን አነሳችና በነጠላዋ ጠቀለለች።

«ያኛው አንተው ዘንድ ይቀመጥ» አለች። «ቤት ካለ አያስተኛኝም።»

በማግሥቱ ሸክላ ተራ ወርዳ ከአንዷ ጓደኛዋ ጥቂት ጀበና በዱቤ ተቀብላ መሸጥ ጀመረች። ጥቁር አልለበሰችም። «ልጅሽ እንዴት ነው?» ለሚላት ሁሉ «ግዳጅ ላይ ነው» ትላለች። እንዲህ እያለች ሦስት ዓመት ኖረች። መንግሥቱ ወድቆ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ቁራሽ ሲለምን ባየች ጊዜ ነው እድሩ ድንኳን የተከለላት። በዚያ ሰሞን መርካቶ ውስጥ ድንኳን ያልቆመበት መንደር አልነበረም።

ሙደሲር ከስልጤ ተመለሰ። ጁነዲን በልጁ መመለስ ተደስቶ ነበር፤ ሆኖም እናቶች በሚያልፉበት ሰዓት ሱቁ በር ላይ እንዲቆም አይፈቅድለትም ነበር።

እናቶቹም ወደ ፎቶ ቤቱ መምጣት እንደገና ጀመሩ። ፋንታዬ መጣች፣ ሱሀይር መጣች፣ ሌሎችም መጡ፤ ከየት እንደሰሙ ባይታወቅም ቶላ ስለተወው ፊልም ሰምተዋል። አሁን የሚከለክል ስለሌለ ጁነዲን በሩን ዘግቶ ሁሉንም ያሳያቸው ነበር። ከምሽጉ ጀምሮ፣ ጎን ለጎን የተጋደሙትን አንድ በአንድ። ሴቶቹ ይዘው ያመጡትን ሕያው ፊት ከሙታኑ ፊት አጠገብ ያስቀምጣሉ፤ አፍንጫ ከአፍንጫ፣ ጆሮ ከጆሮ ያስተያያሉ። አንድም አልገጠመም። አምቦ ድረስ ሰው ልኮ ቶላን አስፈለገ፤ የሚያውቀው ጠፋ።

ሁለት ክምር በእጁ ቀረ። በአንደኛው በኩል እናቶቹ ትተውለት የሄዱት፣ ሞታቸውን የሚያውቅ ያጣ የልጆች ፊት፤ በሌላው በኩል እናታቸውን የሚያውቅ ያጣ ሙታን። እነዚያን የተጋደሙትን መስተዋቱ ላይ ልስቀላቸው ይሆን ብሎ ብዙ ቀን አሰበ። አንድ ጠዋት ፎቶግራፎቹን፣ መዶሻና ሚስማር ይዞ እስከ መስተዋቱ ሄደ። ማሳያው ውስጥ እንደገና ሙሽሮች ነበሩ። ከውጭ አንዲት ሴት ሕፃን ልጇን አቅፋ እያሳየችው፣ «እያት፣ እያት ሙሽሪትን» ትለዋለች። ጁነዲን መዶሻውን እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ፎቶግራፎቹን እመሳቢያው አስገባ፤ ሴትየዋም ሕፃኑን ይዛ ገባችና ጉርድ ፎቶ እንዲያነሳላት ጠየቀችው።